እመለሳለሁ ያሉ ደንበኞች

መካነ ሰላም፣ የገበያ ቀን፣ ረፋድ ላይ ሱቄ ድርቅ አለ። ሚስማርና ቆርቆሮ ፈላጊው ባንኮኒው ላይ ተደራርቧል፤ ሦስቱም ስክሪኖች «ሜሞሪ ሞልቷል» ብለው ፈዘዋል። የእኛ ስክሪኖች የራሳቸው ጭንቅላት የላቸውም፤ መጋዘን ውስጥ ባለው አንድ ኮምፒውተር ነው የሚያስቡት። እሱ ሲታመም ሁሉም ይተኛሉ።

የጠረጠርኩት ከሻጮቼ አንዷን ነው። የቄስ ልጅ ናት፣ ጨዋ፤ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚደርቀው የእሷ ስክሪን ነው። ፊልም ብታይ ነው ብዬ ላሰናብታት ቆረጥኩ። ፕሮግራሙን የሠራውን ባለሙያ ከደሴ አስመጣሁና «ጥፋቷን አሳየኝ፣ ዛሬውኑ ልሸኛት» አልኩት።

መጋዘን ገባን፤ ባለሙያው ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አስነሣውና አፈጠጥንበት። ከወዲያ እሷ ከሰው ጋር ሰላም በተባባለች ቁጥር ከወዲህ ሜሞሪው ያብጣል!

«ይሄ ነገር ሰላምታ ይበላል እንዴ?» አልኩ ደንግጬ።

ባለሙያው አንድ ነገር ሲጫን ስክሪኑ ባልተዘጋ ሽያጭ ግጥም አለ፤ ለካ ሰላም ላለችው ሁሉ አንድ ሽያጭ ትከፍታለች። የወግዲው፣ የአቀስታዋ፣ የወረኢሉው... ማንም አልገዛ፣ ማንም አልተሰረዘ። ማሽኑ በየጠዋቱ ሲነሳ ሁሉንም እንደ አዲስ ይሸከማቸዋል።

ጠራኋት። «ምነው አትዘጊውም?»

«ጋሼ፣ ዋጋ ጠይቀው "ዞር ብዬ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" ብለውኝ ነው የሄዱት። እመጣለሁ ባለ ሰው ላይ እንዴት እዘጋለሁ?»

«ይሄኛው እኮ ከፍልሰታ በፊት የሄደ ነው!»

«ይመጣሉ።»

ባለሙያው ሳቀ። «ቀላል ነው፤ ሱቁ ሲዘጋ ራሱ እንዲሰርዛቸው አደርገዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔንም አብረህ ሰርዘኝ» አለችው። ቀልድ አልመሰለኝም።

ይሄኔ ከፊት በኩል «ቤቶች!» የሚል ድምፅ መጣ። ወጣን። አንድ ሸምገል ያሉ የቆሎ ትምህርት ቤት መምህር ቆመዋል። «ከፍልሰታ በፊት የቤተልሔሙን ቆርቆሮ ጠይቄ፣ ደብሩን አማክሬ እመጣለሁ ብዬ ነበር።»

ስክሪኑ ተነሥቶ ነበር፤ እሷም አንዴ ነካችው። የቆርቆሮው ዓይነትም ልኩም እንደተናገሩት ተቀምጧል።

«የኔታ፣ እየጠበቅኩዎት ነበር።»

ዘወር ብዬ ባለሙያውን «ሳይሰረዙ ከሜሞሪው ወጥተው የሚያድሩበት የለም?» አልኩት።

«ዲስኩ ላይ ላስቀምጣቸው እችላለሁ። ሰውየው ሲመጣ በስሙ ትጠራዋለች።»

«አስቀምጣቸው።»

የኔታ ቆርቆሯቸውን አስጭነው ሲወጡ ባለሙያው ጠጋ ብሎ «ልሸኛት ያሉኝስ?» አለኝ።

«አንተን ነው የምሸኘው፤ የደሴው መኪና እንዳያመልጥህ።»