ጋሽ ቶለሳ የተከሉት ቄጠማ

ጋሽ ቶለሳ ጡረታ እንደወጡ ጉለሌ ከቤታቸው ጀርባ ባለው ባሕር ዛፍ መሀል ኩሬ ቆፈሩ። ለዳክዬ! ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

«ጋሼ፣ ለማይበላ ወፍ ነው ወገብዎ የሚቆረጠው?» ትላቸዋለች ጎረቤታቸው ሙሉ።

«ማን ልብላቸው አለ? ይኑሩ ነው ያልኩት።»

ሸለምጥማጥ እንዳያያቸው ኩሬውን በቄጠማ ከበቡት። እስኪያድግ ሁለት ዓመት ፈጀ። ዘንድሮ ሦስት ዳክዬዎች ቄጠማው ውስጥ ተደብቀው እንቁላል ታቀፉ፤ ሽማግሌው ደስታቸውን አልቻሉትም።

የፋሲካ ዋዜማ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ሙሉ ማጭድ ይዛ ገባች፤ ሰፈርተኛውም ተከተላት። ፈቃድ የጠየቀ የለም። ለበዓል የሚጎዘጎዝ ቄጠማ ባለቤት አለው ብሎ ማን ያስባል? ከሥሩ አጨዱት። በማግስቱ ጠዋት ኩሬው ዳር የቀረው ላባና የእንቁላል ቅርፊት ብቻ ነበር።

«ለበዓል እኮ ነው፣ ጋሼ!» አለች ሙሉ፣ ቤቷ ውስጥ ቄጠማው ላይ ቆማ። እኛ ሰፈርተኞቹም ዶሮዋን እየበላን ዝም አልን። ሁለት ወር ስለጾምን ጽድቁን የጨረስነው መስሎን!

ጋሽ ቶለሳ ወጥተው ሄዱና አካፋቸውን አንስተው ኩሬውን መድፈን ጀመሩ። ሁላችንም የጮህነው ያን ጊዜ ነው፦ «ኧረ ጋሼ፣ ለከርሞ ቄጠማ ከየት ልናመጣ ነው?»