የፋናዬ ድርሻ

ይመኙሻል ባሏን "ጡረታህን አስወጣ" እያለች ስትወተውተው ከረመች። የሮተርዳሙ አከራያቸው ቤቱን ሊሸጠው ነው። አጎራባች ከተማ ስኪዳም ላይ ደግሞ አቅማቸው የሚፈቅዳት፣ ከጓሮዋ ምንጣፍ የምታህል ግቢ ያላት ቤት ተገኝታለች። ባንኩ ለማበደር ተስማምቷል፤ የጎደለው ከራሳቸው ኪስ የሚጨመረው ሃያ ሺህ ዩሮ ብቻ ነው። "ብቻ" ማለት ለአፍ ይቀላል እንጂ አረጋውያን ስትንከባከብ የምትውል ሴትና ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ሲጭን የሚውል ባል ሃያ ሺህ ከየት ያመጣሉ?

የአየለ ጡረታ ግን አለ። ጎልማሳነቱን በሙሉ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረ ገንዘብ ነው። እንደ ይመኙሻል ሐሳብ ገንዘቡ የገዛ ገንዘቡ ነው፤ አደራ አስቀምጧል፣ ሲቸግረው ይጠይቃል፣ አለቀ። አየለ ግን ነገሩ በተነሳ ቁጥር "ተይው እስቲ፣ ኪራይ ምን አለው?" እያለ ይሸሻል። ፈሪ ነው ብላ ደመደመች። የመጣለትን ደብዳቤ እንኳ ሳይከፍት የሚያከርም ሰው ስለሆነ አልፈረደችበትም። አንድ ሰኞ ጠዋት ወጥ ቤት አጠገቧ አስቀምጣው ራሷ ለጡረታ ድርጅቱ ደወለች፤ ሁለቱም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

የድርጅቱ ሴት ትሁት ነበረች። አየለ ማንነቱን አስረዳ፤ ሚስቴ ትናገርልኝ አለ። መልሱ አጭር ነው። አይቻልም። ለቤትም፣ ለምንም ቢሆን ዕድሜው ሳይደርስ አይወጣም፤ ሲደርስም በየወሩ እንጂ ባንድ ጊዜ አይሰጥም። ይመኙሻል ገንዘቡ የሱ አይደለም ወይ ብላ ተሟገተች። የሱ ነው፣ ግን ገና ነው አለቻት። የስኪዳሟ ቤት በቃ አመለጠች። ይመኙሻል ጭንቅላቷን ይዛ ቀረች። ሴትየዋ ልታጽናናቸው ብላ ይመስላል፣ ወደፊት በወር የሚደርሰውን ነገረቻቸው።

"ይኼ እንግዲህ የቀድሞ ባለቤትዎ ድርሻ ከተነሣ በኋላ ያለው ነው" አለች።

ይመኙሻል ሳቀች። የሌላ ሰው ፋይል ከፍተሽ ነው አለቻት። ሴትየዋ ስሙንና የትውልድ ቀኑን ደግማ ጠየቀች፤ ልክ ነው። በጋብቻው ዘመን ከተጠራቀመው ግማሹ የቀድሞ ሚስቱ ድርሻ ነው፣ እንደተፋቱም እሳቸው ራሳቸው ጠይቀው አስመዝግበዋል ብላ ስማቸውን በሆላንድኛ እየተደናቀፈች አነበበች። ፋናዬ። የአየለ እጅ ወደ ስልኩ ሲሄድ ይመኙሻል አንጓውን ያዘችው።

ይመኙሻል የምታውቃት ፋናዬ አንድ ናት፤ ዴን ሃግ የሚኖሩት እትዬ ፋናዬ፣ የአየለ የአክስት ልጅ። የእሷና የአየለ ልጅ የኖህ የክርስትና እናት። አየለ ወላጅ ስለሌለው አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ከሽማግሌዎቹ ጋር እሷን የለመኑለት እሳቸው ናቸው። በሠርጓ ቀን ቬሏን ያስተካከሉላት እሳቸው። አየለ ምን እንደሚወድ፣ ሲያኮርፍ በምን እንደሚመለስ ቁጭ አድርገው የነገሯት እሳቸው። የአክስት ልጅ ይህን ሁሉ ከየት አወቀች ብላ ጠይቃ አታውቅም። ክው ብላ ቀረች። ስልኩ መቼ እንደተዘጋም አላወቀችም።

አየለ እየተንተባተበ አወጣው። ፋናዬ የጓደኛው እህት ነበረች፤ ካርቱም መውጫ አጥታ ቀርታ ወንድሟ እግሩ ላይ ወደቀ። ሚስቴ ናት ብሎ ሆላንድ አስመጣት። ያኔ ያላደረገው ሰው የለም። የኢሚግሬሽን መርማሪ ይመጣል ተብሎ አንድ ቤት ኖሩ፤ ወረቀቷ ሲስተካከል ተፋቱ። የአክስት ልጅነቱ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሐሜት ተፈርቶ የመጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ይነገር?

"የወረቀት ነው" አላት። "ማርያምን፣ ከወረቀት ሌላ ምንም አልነበረም።"

ፊቱን መረመረችው። ሲዋሽ ታውቀዋለች፤ ቢያንስ እስከዛሬ ጠዋት የምታውቀው ይመስላት ነበር። ቤቱ ከሐሳቧ ወጥቷል። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ የወረቀት ይሁን። የወረቀት ከሆነ ተናዳ፣ ተሳድባ፣ ትተወዋለች።

ለእትዬ ፋናዬ ደወለች፤ አሁንም ድምፁን ከፍ አድርጋ። እትዬ ፋናዬ እንደልማዳቸው የኖህን ደህንነት ጠየቁ። ይመኙሻል ሰላምታውን አላስጨረሰቻቸውም።

"እትዬ፣ የጡረታውን ነገር ሰማሁ።"

እትዬ ፋናዬ፣ አየለ ምን እንዳላት ጠየቋት።

"የወረቀት ነበር አለኝ።"

"እውነቱን ነው" አሉ እትዬ ፋናዬ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም። "ለእሱ የወረቀት ነበር። እኔ ያንን ግማሽ የጠየቅሁት ገንዘብ ቸግሮኝ አይደለም፣ ልጄ። ሚስቱ እንደነበርሁ የሚያውቅ አንድ ቦታ ይኑር ብዬ ነው።"

ይመኙሻል ወደ ባሏ ዞረች። ከእሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር።