ሰኞ ሰኞ የሚቀሩት

የትምህርት ቤቱ አማካሪ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀሪ የሚያበዙ ተማሪዎችን ሰብስባ ስትመክር ኖራለች። አንገታቸውን ደፍተው ስለሚሰሟት ምክሯ መሬት ጠብ የሚል አይመስላትም ነበር።

ዘንድሮ ግን ከምክሩ በፊትና በኋላ ያለውን የቀሪ መዝገብ አስተያየች። ከመከረቻቸው ሃያ ስድስት ተማሪዎች ሃያ አንዱ እንደ ቀድሞው ይቀራሉ፤ ያውም ሰኞ ሰኞ። አፈረች፤ ወረቀቱን ግን አልደበቀችም። አንዷን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጠራቻት።

"የኔ ልጅ፣ ሰኞ ምን አለ?"

"መጀመሪያ ሒሳብ ነው። የቤት ሥራ ያልሠራ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ሰሌዳው ፊት ይቆማል።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ይመክሩን ነበር እንጂ ጠይቀውን አያውቁም እኮ፣ ቲቸር።"

አማካሪዋ የሒሳብ አስተማሪውን በስንት ልመና አሳመነችውና መቆሙ ቀረ። በሁለት ወር ውስጥ የሰኞ ቀሪዎች ስምንት ሆኑ። የስምንቱን ምክንያት ገና አላወቀችም፤ በየተራ እየጠራች ትጠይቃለች።