ፍሬን በሌላት መኪና ከተራራው ስንወርድ

እኔና ሸሪኬ ቡታጅራ ውስጥ አንድ የብረታ ብረት ቤት አለን። እኔ እበይዳለሁ፤ እሱ ይለካል፣ ይገጥማል፣ መኪናዋንም ይነዳል። መኪናዋ የኋላ ወንበሮቿ የተነቀሉላት አሮጌ ሚኒባስ ነበረች። ያን ቀን ወልቂጤ ወስደን የምንተክለው የግቢ በር ጭነናል። ባለቤቱ ሌባ እንዳይንጠላጠል ብሎ በበሩ አናት ላይ ጦር እንድንሠራለት አዞን ስለነበር፣ ከድፍን ብረት ቆርጬ፣ ጫፋቸውን አሹዬ፣ ተራ በተራ የበየድኳቸው እኔ ነኝ። ጦሮቹን ወደ ኋላ አዙረን ስንጭን የኋላውን መስታወት ነኩት። ስለዚህ ወደ ፊት አዞርናቸው፤ ጫፋቸውን በጆንያ ጠቅልለን፣ በሩን በገመድ ጠፍረን፣ ከወንበራችን ጀርባ አስጠጋነው። እንደዚህ ስንጭን የመጀመሪያችን አልነበረም።

ከቡታጅራ በአቋራጭ ወደ ጉብሬና ወልቂጤ የሚወስደው መንገድ ተራራውን ይወጣል። ታች ሙቀት ነበር፤ ደጋው ላይ ስንደርስ ግን ጉም ወርዶ ገብሱንም እንሰቱንም ሸፍኖታል። እዚያ ነው አንዲት አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው ያስቆሙን። በኮባ የተጠቀለለ ነገር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

«የት ነው እናቴ?» አላቸው ሸሪኬ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ።

«ጉብሬ። ልጄ ወልዳለች። ቅቤ ልወስድላት።»

ወርጄ አስገባኋቸውና በሁለታችን መሃል ተቀመጡ። ወደ ኋላ ዞር ብለው ጭነታችንን አዩ።

«ይሄ ሁሉ ጦር ምንድነው? ልትዋጉ ነው?»

ሳቅን። ሸሪኬ የወልቂጤ ሌቦችን ልንወጋ ነው ብሎ ቀለደ። ከዚያ ስለ ራሱ ልጅ ትምህርት ቤት አንድ ወሬ ጀመረልን፤ መምህሩ ያለውን፣ ልጁ የመለሰውን። ቁልቁለቱ ሲጀምር ወሬውን መሃል ላይ አቋረጠ።

እግሩን አየሁት። ፍሬኑን ረገጠ፤ መርገጫው ያለ ምንም ትግል እስከ ወለሉ ወረደ። ለቀቀውና ደግሞ ረገጠ። አሁንም ወረደ።

«ምነው?» አልኩት።

«የለም።»

«ምኑ?»

«ፍሬኑ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የነገረኝ፤ በመሃላችን የተቀመጡት ሴት እንዳይሰሙ ፈልጎ ይመስለኛል።

ፊቱን እያየሁ እየቀለደ እንዲሆን ተመኘሁ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ማርሹን ወደ ሁለተኛ ሊመልስ ታገለ፤ ማርሹ እየጮኸ ገባና መኪናዋ ትንሽ ያዝ አለች። ቁልቁለቱ ሲብስ ግን ሞተሩ እየጮኸም ቢሆን መሸከም አቃተው። የእጅ ፍሬኑን ጎተተ። የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ከዚያ እሱም ላላ። ሸሪኬ «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልነበረውም። እኔ የበሩን እጀታ ጨብጫለሁ። ልክፈትና ልዝለል? አስፋልቱ ከሥራችን እየሮጠ ነው። እሳቸውንስ ማን ይይዛቸዋል?

የገበያ ቀን ነበር። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች ድንገት ብቅ ይላሉ፤ እንሰት ያዘሉ ሴቶች፣ ፈረስ የሚጎትት ሰው። ሸሪኬ እጁን ከክላክሱ ላይ አላነሳም። ሰዎቹ ድምፃችንን እየሰሙ ወደ ዳር ሲበተኑ አያለሁ፤ ፊታቸው ለአፍታ ታይቶ ወደ ኋላ ይቀራል። ፈረሱ ደንብሮ መንገዱ ላይ ተጋደመብን። ሰውየው በሙሉ ጉልበቱ ገፋው። የመኪናዋ የጎን መስታወት የፈረሱን ጭነት ገጭቶ ተገንጥሎ ሄደ። እስከዚያች ደቂቃ የፈራሁት ለራሴ ነበር። ከዚያ በኋላ የፈራሁት ከጉሙ ውስጥ ቀጥሎ የሚወጣውን ሰው ነው። ሕፃን ቢሆንስ?

«ልጄ፣ ለምን ትሮጣለህ?» አሉ አዛውንቷ።

እኔ ነገርኳቸው። «እናቴ፣ ፍሬን እምቢ ብሎን ነው።»

ይጮኻሉ ብዬ ነበር። አልጮኹም። ቅቤያቸውን ወደ ደረታቸው አጥብቀው፣ «ምን ልያዝ?» አሉኝ።

«እኔን ይያዙኝ።»

ክንዴን ያዙ። ጣታቸው ቀጭን ነው፤ አያያዛቸው ግን አጥንቴ ድረስ ተሰማኝ። ወደ እሳቸው ዞር ስል ነው ከጀርባችን ያለው የታየኝ። ጆንያው ከአንዱ ጦር ላይ ተንሸራትቶ ወድቋል። ያሾልኩት ጫፍ ከአዛውንቷ ማጅራት ኋላ እየተንቀጠቀጠ ነው። መኪናዋ በምንም ዓይነት ብትቆም፣ በሩ እንደማይቆም ገባኝ። ስንት ኪሎ ብረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለአራት ሆነን ነው ያነሳነው።

ጉሙ ሳሳ ሲል ወደፊት ያለው መታጠፊያ ታየን። በግራ ገደል ነው። በቀኝ፣ በእኔ በኩል፣ መንገዱ ሲሠራ የተቆረጠው የአፈር ግድግዳ አለ።

«ስማኝ» አለኝ ሸሪኬ። ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ግድግዳው ላይ ባንተ በኩል ነው የምለጥፋት። ሌላ መንገድ የለኝም።»

ማንን እንደሚመታ ሁለታችንም ገብቶናል። በሥራ አብረን ስንኖር እንዲህ ባለ ድምፅ አናግሮኝ አያውቅም፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ድምፅ ነው።

«ለጥፋት!» አልኩት። «እናቴ፣ ጎንበስ ይበሉ!»

አንገታቸውን ይዤ ጉልበቴ ላይ ደፋኋቸውና በላያቸው ተደፋሁ። መጀመሪያ ቆርቆሮ የሚቀደድ ዓይነት ድምፅ መጣ፤ በእኔ በኩል ያለው የመኪናዋ በር እየተጨማደደ ነበር። የመስታወት ስባሪ ፊቴ ላይ ዘነበ። ከዚያ አንድ ከባድ ምት፣ ከዚያ ከኋላ ገመዱ ሲበጠስ። አንድ ነገር ጀርባዬን በቡጢ የመታኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ፀጥ አለ።

ፀጥታው ከሁሉም ይከፋ ነበር። ልነሳ ስል አልነሳም አለኝ። አንገቴን ትንሽ ሳዞር፣ ከቀኝ ትከሻዬ በፊት ለፊት፣ ከጃኬቴ ውስጥ፣ የብረት ጫፍ ወጥቷል። የኔ ሥራ መሆኑን አወቅሁት። ሕመሙ ገና አልመጣም ነበር፤ የመጣው ፍርሃቱ ነው። ብንቀሳቀስ ምን ይቀደድብኛል? ሳንባዬ ይሆን? በአፌ ደም ይመጣል ብዬ ምራቄን ደጋግሜ ዋጥሁ።

ከሥሬ «ከበድኸኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሕይወት አሉ። ማልቀስ ጀመርኩ።

ሸሪኬ ግንባሩ ተሰንጥቆ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ደረቱን ይዞ በእሱ በኩል ወጣ። ሰዎች ከላይም ከታችም እየሮጡ መጡ። አዛውንቷን በመሪው ሥር ጎትተው አወጧቸው። እጃቸው ከክንዴ ላይ ሲላቀቅ የቀረኝ ነገር ሁሉ አብሮ የሄደ መሰለኝ። ቅቤው ፈንድቶ ልብሴን፣ ወንበሩን፣ ሁሉን ነገር አዳርሶታል። ከቅቤው ሽታ ጋር ግን ሌላ ሽታ መጣ። ቤንዚን ነው። ከሥራችን ጠብ፣ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሊረዳን ቆሞ ወደ መስኮቱ ጎንበስ ሲል ሲጋራ በእጁ እንደያዘ ነበር። ልጮህ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣልኝም። የጮኹት አዛውንቷ ናቸው። መንገዱ ዳር ተቀምጠው በጉራጊኛ የሆነ ነገር ጮኹ፤ አንድ ሰው የሹፌሩን እጅ ይዞ ከመኪናዋ አራቀው። ሹፌሩ ደንግጦ ሲጋራውን መዳፉ ውስጥ አጠፋው።

«ጎትተን እናውጣው» አለ አንዱ።

«እንዳትነኩት!» አለ ሸሪኬ። «ብረቱ ከወጣ ደሙ አይቆምም። ከኋላ እንቆርጠዋለን፤ ከነብረቱ ሐኪም ቤት ይሄዳል።»

በማሽን መቁረጥ አይታሰብም፤ መብራትም የለ፣ ቢኖርም ብልጭታው ሁላችንንም ያነደናል። በበሩ ሥር ከተቀበረው የዕቃ ሳጥናችን የእጅ መጋዙን ፈልፍሎ አወጣ። አንድ ገበሬ ከኋላ ገብቶ ጦሩን እንዳይነቃነቅ በሁለት እጁ ጨበጠልን። ሸሪኬ እንዳይግል ውኃ አፈሰሰበትና መጋዙን ብረቱ ላይ አሳረፈ።

«ዝግጁ ነህ?»

«ቤንዚኑ አሁንም ይንጠባጠባል።»

«አውቃለሁ። ዝግጁ ነህ?»

የመጋዙን ድምፅ የሰማሁት በጆሮዬ አልነበረም፤ በጥርሴ ነው። እያንዳንዱ ምልልስ በብረቱ አልፎ ትከሻዬ ውስጥ ይገባል። ያኔ ሕመሙ መጣ። ስጮህ ያቆማል፤ ሲያቆም ደግሞ ቀጥል እለዋለሁ። ብረት መቁረጥ የዕለት ሥራዬ ስለሆነ መጋዙ የት እንደደረሰ ከድምፁ አውቃለሁ፤ ገና መጀመሩ ነው፣ ገና ግማሽም አልደረሰ። አለማወቅ እንዴት ይሻል ነበር። ጠብታውን እሰማለሁ፤ መጋዙ ግሎ ብልጭታ ቢያወጣ ብዬ አስባለሁ፤ ገበሬው ጣቱ ቢደክምስ ብዬ አስባለሁ። ሚስቴ ስልኳ ሲጠራ፣ ማን እንደሚነግራት፣ በምን ቃል እንደሚነግራት አስባለሁ። ሸሪኬ እየቆረጠ ቁርአን ያነበንባል፤ እኔ ደግሞ እመቤቴን እጠራለሁ። ድምፁ ሲቀጥን ሊያልቅ እንደሆነ ገባኝ። ብረቱ ሲለቅ ወደ ፊት ልወድቅ ስል ከፊት ያሉት ያዙኝ።

በሰው ሚኒባስ ወልቂጤ ወሰዱኝ። በጎኔ አስተኝተውኝ ብረቱ ትከሻዬ ውስጥ እንዳለ ነው። ሸሪኬ ራሴን ጭኑ ላይ ይዟል። ሹፌሩ ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ቁልቁለት «ፍሬን አለው?» እላለሁ።

«አለው ወንድሜ።»

«ይርገጠው፣ ልየው።»

ሹፌሩም ምስጋና ይግባውና በየጊዜው ይረግጥልኝ ነበር።

ሐኪሞቹ ብረቱን አወጡልኝ። ሳንባዬን አልነካም፤ ነርቩን ግን ጎድቶታል። የትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ቱቦ ፈንድቶ እንደነበር ነገረን። ሸሪኬ ከአልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብሎ፣ «በኔ በኩል ብለጥፋት ኖሮ…» ብሎ ጀመረ።

«ገደል ነበር» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላነሳነውም።

አዛውንቷ ጉብሬ አራሷን ልጃቸውን ከተንከባከቡ በኋላ ሊጠይቁኝ መጡ። ጎናቸውን በእጃቸው ደግፈው ነው የገቡት።

«አጥንቴን ሰበርኸው» አሉኝ። «ብረቱ አይደለም። አንተ ነህ።» ከዚያ አጠገቤ ተቀመጡና ትከሻዬን በፋሻው ላይ በቀስታ ነኩት።

«በምን መጡ እናቴ?»

«ባጃጅ። ዓይኔን ጨፍኜ።»

«እኔ መኪና የምገባ አይመስለኝም።»

«ቤትህ አትሄድም ታዲያ?»

ከሆስፒታል ስወጣ ሚስቴ ልትወስደኝ መጣች። በተራራው እንዳናልፍ ለመንኳት። አዲስ አበባ ዳርቻ ድረስ ሄደን፣ መኪና ቀይረን፣ በቡኢ በኩል ዞረን ቡታጅራ እንግባ አልኳት። ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ መንገድ ነው። አልተከራከረችኝም። በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የሚጭኑት ዕቃ ሁሉ ከኋላዬ እንዳይሆን ረዳቱን ጨቀጨቅሁት። አንዲት ሴት ከጀርባዬ ያስቀመጠችው ጀሪካን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወገቤ ይደነዝዛል። ቡኢ ስንደርስ ልብሴ በላብ ርሶ ነበር፤ ሚስቴ እጄን ይዛ ስለ ቤት ወሬ ታወራልኛለች፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ውኃው መጥፋት። ምን እንዳለች አንዱም ትዝ አይለኝም። ድምፅዋ እንዳይቆም ብቻ ነበር የምፈልገው።

አሁን ሥራ ተመልሻለሁ። ቀኝ እጄ ከትከሻ በላይ አይነሳም፤ ከፍ ያለውን ሸሪኬ ይበይድልኛል፣ አስተምሬዋለሁ። ሌላ መኪና ገዝተናል። በከተማ ውስጥ እገባባታለሁ፤ ሜዳ ከሆነ ቡኢ ድረስም ሄጃለሁ። ተራራውን ግን አልወጣሁም። ከማዶ ሥራ ሲመጣ ሸሪኬ ፊቴን ያይና «እኔ እበቃለሁ» ይላል።

እሱ ሲሄድ የቀረሁት እኔ ዳንኩ ማለት አይደለም። ሰማዩ ተራራው ላይ እንዴት እንደሆነ ለማየት ደጋግሜ ደጅ እወጣለሁ። ብረት አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ቁልቁለቱን የሚጀምርበትን ጊዜ ሳስብ እግሬ ሳላዘው መሬቱን ይጫናል። ደንበኛ ሲያናግረኝ እሺ እላለሁ እንጂ አልሰማውም። ሸሪኬ ይህን ስለሚያውቅ፣ ታች ሜዳው ላይ እንደደረሰ ዳር ይዞ ይደውልልኛል።

«ወረድኩ» ይላል።

«አልሃምዱሊላህ በል» እለዋለሁ።

«ብያለሁ። አንተ ተቀመጥ አሁን።»

ተቀምጬ ትንሽ እተነፍሳለሁ። ማታ ግን በዚያው መንገድ ይመለሳል።