«ዛሬውኑ አድርሺልኝ» ያለችኝ የዶቅማ ዘር

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከአዳማ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ የችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። በእጄ የያዝኩት አንዲት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ነው። ውስጧ የዶቅማ ዘር አለ... ልጄ ቤዛ ከመሞቷ በፊት የለቀመችው።

ቤዛ የምትሠራው እዚያ ነበር። የአገር ዛፍ ዘር እየለቀሙ፣ ችግኝ እያፈሉ፣ ለተራቆተ ተራራ ያዘጋጃሉ። አምና ከላንጋኖ ወዲያ ካለው ጫካ ዘር ለቅማ ስትመለስ ትኩሳት ይዟት ነበር።

አልጋ ላይ ሆና «እማ፣ ይሄን ለጋሽ ቱፋ ዛሬውኑ አድርሺልኝ» አለችኝ።

«እሺ፣ መጀመሪያ አንቺ ተነሺ» አልኳት።

ማታም «አደረስሽልኝ?» አለችኝ። ትኩሳቱ የሚያስቀባጥራት መሰለኝ... በሳምንቱ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ ከረጢቷን መስጠት አቃተኝ። እጇ የነካው ነገር ነዋ። ነቀዝ እንዳይበላው ብዬ ዘሩን እንደ ባቄላ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ደረቅ ሲልልኝ በነጠላዋ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። በየወሩ እያወጣሁ ፀሐይ አስመታው ነበር። አሁን ሙት ዓመቷ ሲቃረብ፣ በቅሎ መቃብሯ አጠገብ ቢቆምልኝ ብዬ ተመኘሁ።

ጋሽ ቱፋ ችግኝ የሚያፈሉት ሽማግሌ ናቸው። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «አካም ጅርቱ፣ የቤዛ እናት!» ብለው ተነሱ። ከረጢቷን ተቀብለው ሲነቀንቋት ተንኮሻኮሸች፣ ሳቁ።

«ምንድን ነው ይሄ? የሽሮ ሽምብራ ነው እንዴ ያመጡልኝ?»

«ዶቅማ ነው። የቤዛ።»

ሳቃቸው ቆመ።

አንዷን በቢላዋ ለሁለት ከፈሏት። ውስጧ ቡናማ ነው። ሁለተኛዋን... ሦስተኛዋን...

«አረንጓዴ መሆን ነበረበት» አሉ ቀስ ብለው።

«እስኪ ሌላ ይሞክሩ ጋሼ።»

ሞከሩ። ከረጢቷ ባዶ ለመሆን እስክትቃረብ ሞከሩልኝ።

«እናቴ፣ ዶቅማ እንደ ግራር አይደለም። ግራር ዓመት ቢቀመጥም ይበቅላል። ይሄ ግን ከደረቀ ሞተ። በተለቀመ በጥቂት ቀን አፈር መግባት አለበት።»

«ታዲያ እኔ በምን አውቄ?»

«እርስዎማ ከየት ያውቃሉ። እሷ ግን ታውቅ ነበር። ዶቅማ አሳድራ አታውቅም እኮ። 'ዛሬውኑ! ዛሬውኑ!' እያለች ስታጣድፈን እንስቅባት ነበር።»

ሊያጽናኑኝ ነው ያወሩልኝ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የገባኝ... ትኩሳቱ አልነበረም የሚያናግራት።

አንዲት ዘር ቀርታ ነበር። ቢላዋውን ሲያነሱ እጃቸውን ያዝኩ።

«ይቺን አይክፈሏት።»

ቢላዋውን አስቀመጡና አፈር የተሞላ ላስቲክ አመጡልኝ። በጣቴ ጎድጎድ አድርጌ ቀበርኳት።

«ትበቅላለች ጋሼ?»

«አትበቅልም።»

አልዋሹኝም፣ እግዜር ይስጣቸው።

አሁን ደጄ ላይ ናት። ጠዋት ጠዋት አጠጣታለሁ። ከላስቲኩ ብቅ ያለ ነገር የለም፤ አልጠብቅምም።

ድሮ ሱቅ ልኬያት ስትዘገይ እቆጣት ነበር... እኔን አንድ ቀን ብትልከኝ፣ ዓመት ቆይቼ ደረስኩ።