ዳምጤ ነኝ ያለው ኮምፒውተር

ብሌን እስራኤል አገር፣ ሰጉላ የኢንዱስትሪ ሰፈር ውስጥ ባለ የዕቃ ማከፋፈያ ድርጅት ሥራ የጀመረች ዕለት መጥረጊያ ያቀበላት ሰው ነበር። ኮምፒውተር ልትጠብቅ እንደመጣች እስኪገባቸው ግማሽ ቀን ፈጀ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት የኢሜይል ሰርቨሩን ይዛለች፤ ካልተበላሸ በስሟ የሚጠራት የለም።

ባለፈው ክረምት መናሄሉ፣ ሥራ አስኪያጁ ኤሊዮር፣ ወደ ቢሮው በስሟ ጠራት። ከድርጅቱ የማስታወቂያ አድራሻ «የመጋዘን ሰዎች ከዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ይብስ ይንቀራፈፋሉ፤ ፎርክሊፍቱ ግን ቢያንስ አያማርርም» የሚል ኢሜይል ለሠራተኛው ሁሉ ደርሶ ነበር። ኤሊዮር የሰርቨሩን መዝገብ ራሱ ከፍቶ፣ የላኪው ኮምፒውተር ስም «ዳምጤ» እንደሚል አይቷል። ሃያ ዓመት መጋዘን ውስጥ የሠሩት አዛውንቱ ዳምጤም ፊቱ ቆመዋል።

«ራሳቸውን ሰድበው ነው?» አለች ብሌን።

«ስሙ ተጽፏል። አንቺ ብቻ አረጋግጪ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ።»

«ስሙን የሚናገረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። በር አንኳኩቶ ‹ዳኛ ነኝ› እንደሚል ሰው። ሰርቨሩ የሰማውን ይጽፋል እንጂ አመነው ማለት አይደለም። በዓይኑ ያየው አጠገቡ በቅንፍ ያለውን ቁጥር፣ መልእክቱ የመጣበትን አድራሻ ነው።»

ኤሊዮር ቁጥሩ የማን እንደሆነ አልጠየቀም። የጠየቁት ዳምጤ ናቸው።

ብሌን የቁጥሮቹን ዝርዝር አመሳክራ፣ «የዚህ ክፍል ነው፣ ጋሼ» አለች። ወደ ኤሊዮርም ዞረች። «ኮምፒውተሩም ጠረጴዛህ ላይ ያለው ነው። አምና ‹ለመጋዘን ይበዛል› ብለህ አሮጌ ሰጥተህ ከሳቸው የወሰድከው። ስሙን ሳትቀይረው ቀረህ።»

ኤሊዮር «እንግዲያው ጠላፊ ገብቷል» አለ።

«ወንበርህ ላይ ተቀምጦ?»

በማግሥቱ ለሠራተኛው ሁሉ ማስታወቂያ ወጣ፤ በአስተዳደሩ ንቃት አደገኛ የደኅንነት ክፍተት ተደርሶበታል ይላል። ለአስተዳደሩ ምስጋና ቀረበ፤ ያቀረበው አስተዳደሩ ነው። ብሌን የኮምፒውተሩን ስም እንድትቀይር ታዘዘች። አዲሱን ስም «ኤሊዮር» አለችው። ዳምጤን ይቅርታ የጠየቀ የለም።

ዳምጤ ግን ምሳ ሰዓት ላይ መጡ። «ልጄ፣ ያ መዝገብ ይጠፋል?»

«በሦስት ወር ይሰረዛል። አንድ ቅጂ አትሜልዎታለሁ።»

ወረቀቱን በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ለማንም አላሳዩትም። ኪሳቸው ውስጥ መኖሩን ኤሊዮር እንዴት እንደሰማ አይታወቅም። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጋዘን ድረስ ወርዶ ቀድሞ ሰላም የሚላቸው እሱ ነው።