ስድስቱ ወንድማማቾች በሰባት ሲባዙ

የአራተኛ ክፍል ልጅ ሳለሁ፣ ክልላችን ገና አዲስ ተቋቁሞ መምህራን ከሌላ አገር ወደ ወረዳችን ወደ መንጌ በሚመጡበት ጊዜ፣ ከጎጃም የመጣ አንድ ወጣት የሂሳብ መምህር ግቢያችን ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ነበር። ያኔ አያቴ ከመግሪብ ሰላት በኋላ ፍሙ ዳር ተቀምጠው ተረት ይነግሩን ነበር፤ የሚነግሩን በበርታኛ ስለሆነ መምህሩ አንድም ቃል ሳይገባው እኛ ስንስቅ አብሮ ይስቃል። አንድ ምሽት አሳዘናቸው መሰለኝ፣ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ «ኡስታዝ፣ ዛሬ ተረት አንተ ነው የሚነግረው» አሉት።

መምህሩ ቢጨንቀው ከኪሱ የጠመኔ ቁራጭ አወጣና ጭቃ በተመረገው የቀርቀሃ ግድግዳ ላይ 142857 ብሎ ጻፈ።

«እነዚህ ስድስት ወንድማማቾች ናቸው። ብታባዟቸው ቤት ይቀያየራሉ እንጂ አንዳቸውም አይጠፉም» አለ።

በሁለት አባዝቶ 285714 ጻፈ፤ በሦስት 428571። እስከ ስድስት ድረስ ሲሄድ፣ ጭስ በሚተፋው ኩራዝ ብርሃን እነዚያው አሃዞች ተራቸውን ሳይስቱ፣ ፊተኛው ብቻ እየተለወጠ ሲዞሩ አየሁ። ማን ነው የሚያዞራቸው? ከእነሱ ጋር የእኔም ራስ ዞረ።

«ቲቸር፣ በሰባትስ?» አልኩት።

«እሱን አንቺ አባዥና ነገ ትነግሪኛለሽ» ብሎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ግን ከአሶሳ መኪና መጣና፣ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውረሃል ብለው ወሰዱት። እኔም አባዛሁ፤ 999999 መጣ። ወንድማማቾቹ አንድም ሳይቀሩ ጠፉ! በሂሳብ ደካማ ስለነበርኩ ተሳስቻለሁ ብዬ ሰርዤ ደግሜ ሠራሁ፤ ያው ነው። በእሱ ምትክ ለመጣው መምህር ደብተሬን ባሳየው፣ «ዝም ብለሽ ዘጠኝ ደረደርሽ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት እንደማልመለስ ለራሴ ምዬ እያለቀስኩ ቤት ገባሁ።

ማንበብ የማይችሉት አያቴ የሆነውን ሰምተው አመድ ከምድጃው ጠርገው መሬት ላይ ዘረጉና፣ በቋንቋችን፣ «ሀዋ፣ እዚህ ሥሪው» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አሠሩኝ።

«ሦስቴም ያው መጣ። ስህተት ቢሆን በየጊዜው ሌላ ይመጣ ነበር። ነገ ትሄጃለሽ» አሉ።

«ስድስቱ ግን የት ሄዱ?»

አጠገቤ አመዱ ዳር ቁጭ አሉ። «እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

በነጋታው ሄድኩ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አሶሳ መምህርነት ስማር፣ አንድን ለሰባት ባካፍል እነዚያው ስድስት አሃዞች ከነጥቡ በኋላ ማለቂያ በሌለው ሰልፍ ብቅ አሉ። ዛሬ ለምን ዘጠኝ ብቻ እንደሚሆኑ በሰሌዳ ላይ ማሳየት እችላለሁ። ማሳየት ግን ግራ መጋባቴን አላጠፋልኝም፤ ጠመኔውን አስቀምጬ ስመለከታቸው ዛሬም ያኔ እንደነበርኩት ነኝ። ከሁሉ ይበልጥ አብሮኝ የኖረው፣ አያቴና እኔ ሁለታችንም ምንም ሳይገባን፣ እሳቸው ሳያፍሩ እኔም ሳልፈራ፣ አመዱን እያየን መቀመጣችን ነው።